አምስት ቀይ ስፌቶች

ዓይኔን በሻሽ እሰሩኝና ቦንዳ ፊት አቁሙኝ። ከመቶ ልብስ መሀል ኦሪጅናሉን በሁለት ጣቴ ለቅሜ አወጣላችኋለሁ። የሰው ሁሉ ዓይን ግንባሩ ስር ነው፤ የኔ ጣቴ ላይ ነው። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ግን እውነት ያለበት ጉራ ጉራ አይባልም፤ ማስታወቂያ ነው የሚባለው።

ትምህርቴን ስድስተኛ ላይ አቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ሰልባጅ ነው። የአክስቴ መደብ ከቆርቆሮው አዳራሽ ጫፍ፣ ከዝናብ መውረጃው ቱቦ አጠገብ ነው። ከሩቅ አገር ተጨፍልቆ፣ በሽቦ ታስሮ የሚመጣውን ቦንዳ እንቆርጣለን፣ እናራግፋለን፣ እንለያለን። አንደኛው ማንጠልጠያ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው መሬት ላይ፣ ሸራ ላይ ይከመራል። የቀረው ለጋራዦች መወልወያ ይሄዳል። ቦንዳ ሲፈታ የሚነሳው አቧራ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ቤት ይሠራል። አክስቴ ሃያ ዓመት ስትስል ኖራለች፤ አሁን ደንበኞች መደቡ ክፍት መሆኑን የሚያውቁት ሳሏን ከሩቅ ሰምተው ነው።

አክስቴ «መርማሪዋ» ትለኛለች። ስታሾፍብኝ ነው። ግን ውድ የሚመስል ነገር እጇ ሲገባ የምትወረውረው ወደ እኔ ነው።

«መርማሪዋ፣ እስኪ ይሄ ቦርሳ ምን ይላል?»

«ይዋሻል።»

«ምኑ ነው የዋሸው?»

«ስፌቱ። እጀታው ስር እዪው። ሦስት ወደ ግራ ይሄድና አንድ ወደ ቀኝ ይመለሳል። የሰፋው ሰው ሰክሮ ነበር።»

ሕጌ ይሄ ነበር፣ ሌላ ሕግ አልነበረኝም። ጨርቅ ያታልላል፣ ቆዳ ያታልላል፣ ስም ማንም ይጽፈዋል። ስፌት ግን አይዋሽም። ቀጥ ካለ ኦሪጅናል፣ ከተንጋደደ ፎርጅድ። በዚህ ሕግ አምና ከመወልወያው ክምር ውስጥ የሐር ሻሽ አውጥቻለሁ። ጠርዙ በእጅ ተጠቅልሎ የተሰፋ፣ ስፌቱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነበር። አክስቴ ልትናፈጥበት አንስታው ነው ከአፍንጫዋ ስር የነጠቅኳት።

ሻሹን የገዛችን ባለ መስታወቷ ናት። ከአዳራሹ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ቡቲክ አላት። ግድግዳው ሙሉ መስታወት ነው፤ አንድ ሰው ሲገባ አስር ሆኖ ይገባል። ከኛ የወሰደችውን ታሳጥባለች፣ ታስተኩሳለች፣ በወፍራም የእንጨት ማንጠልጠያ ትሰቅለዋለች። ከዚያ በኋላ ልብሱ በመንገድ ላይ ቢያገኘን ሰላም አይለንም።

ሻሹን የወሰደች ዕለት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ጣትሽን ወድጄዋለሁ» አለች። «አፍሽን ግን እንጃ።»

«አፌን ካልወደዱት ቤት ትቼው እመጣለሁ፣ እትዬ።»

ሳቀች። ስትስቅ ጥሩ ሰው ትመስላለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሱቋ ጎራ እያልኩ መጽሔቶቿን አገላብጥ ጀመር። ዘንድሮ አንድ ቀን መጽሔቱን ከእጄ ወስዳ እንዲህ አለችኝ፤ «የሱቄ ልጅ ልታገባ ነው፣ ወሩ ሲያልቅ ትለቅልኛለች። አንድ ነገር አምጪልኝ። ደንበኞቼ አይተው አፋቸውን በእጃቸው የሚይዙበት አንድ ኦሪጅናል። ያኔ ቦታዋ ያንቺ ነው። ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ግን የባሌ እህት ልጅ አለች፤ እሷን አስገባለሁ። በየቀኑ እየተለመንኩ ነው።»

ይሄ ለኔ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። እናቴ ልብስ ጠጋኝ ናት። ከመደባችን ቁልፉ የወለቀውን፣ ዚፑ የተበላሸውን፣ ብብቱ የተተረተረውን ቤት ወስዳ ታቃናለች። ዓይኗ እየከዳት ነው። ሐኪሙ መብራቱን ዓይኗ ላይ አብርቶ፣ አጥፍቶ፣ «ይሄ በመነጽር የሚመለስ አይደለም» አላት። እሷም «መነጽር አልወድም፣ ተገላገልኩ» አለችው። ያ ዓይን ሲዘጋ የቤቱ ቀዳዳ ሁሉ በኔ እንደሚደፈን ሦስታችንም እናውቃለን። ያኔ ከመደቡ ንቅንቅ የለም። የአክስቴ በርጩማ ይጠብቀኛል፣ የአክስቴ ጉልበት ይጠብቀኛል፣ የአክስቴ ሳልማ ከአሁኑ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይጎበኘኛል። መስታወቱ ቤት ውስጥ ግን አቧራ የለም። እንዲያውም አቧራ የምታባርር ሴት በቀን ሁለቴ ትመጣለች።

በአዳራሻችን አንድ ልማድ አለ። ሽቦ ሲበጠስ ወደ ሰው ይፈናጠራል፤ ጣት ይወስዳል፣ ጉንጭ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ሽቦውን የቆረጠ ሰው ቦንዳው ሲከፈት ከማንም በፊት አንድ ልብስ ይመርጣል። «የሽቦ» ይባላል። አንድ ብቻ ነው፤ አንዴ «ይሄ» ካሉ መለወጥ የለም። አክስቴ በወር አንድ ቦንዳ ታስቆርጠኛለች። የቀረውን ራሷ ትቆርጣለች፤ ለጣቴ አዝና ይሁን ለልብሱ፣ አልነገረችኝም።

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው የኔ ሽቦ ደረሰ። በፒንሳው ያዝኩት፣ ፊቴን አዞርኩ፣ ጨበጥኩ። ጧ! ቦንዳው እንደ ጠገበ ሰው ተነፈሰ።

ከላይ የመጣው ቡናማ ካፖርት ነበር። ወፍራም፣ ገበሩ ያልተነካ፣ ማርካ የሚባል የሌለው። አክስቴ አንስታ ትከሻውን በስንዝር ለካችው።

«ይሄ የእናትሽ ልክ ነው። ብርዱ ደጅ ቆሟል። የሽቦሽን ይሄን በዪና ተገላገይ።»

«ቆይ እንጂ፣ ገና እጄን እንኳ አልከተትኩም።»

«እህቴን አውቃታለሁ። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ‹ደህና ነኝ› ነው የምትለው።»

እሷ ስታወራ እጄን ክምሩ ውስጥ ሰደድኩ፤ አንድ ጃኬት ነካሁ። አላየሁትም፣ ነካሁት። ክንዴ እስከ ብብቴ ክምሩ ውስጥ ነበር። ሱፍ ነው፣ ግን ሱፍ እንዲህ አይቀልም። ገበሩ እንደ ውሃ ከጣቴ ይሸሻል። ስቤ አወጣሁት። ጥቁር ነው። ሰው ሳይለብሰው ትከሻው ቆሟል። የቁልፍ ቀዳዳዎቹ በእጅ የተሠሩ ናቸው። አንገቱ ውስጥ ትንሽ ነጭ ጨርቅ አለ፣ ላዩ ላይ ስም ተጽፏል። የውጭ ፊደል አሟልቼ አላነብም። ያን ስም ግን ከባለ መስታወቷ መጽሔት ላይ ቅርጹን ሸምድጄዋለሁ።

አንድ እንከን ብቻ ነበረበት። ጀርባው ላይ፣ ከአንገቱ ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ፣ አምስት ቀይ ስፌቶች። በጥቁር ላይ ቀይ! አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ወደ ጎን የወደቀ፣ የመጨረሻው ክሩ እንኳ ሳይቆረጥ የተንጠለጠለ። ከውስጥ ነጩን ጨርቅ የያዙት እነሱ ናቸው።

«ምን ዓይነት እጀ ሰባራ ነው በዚህ ልብስ ላይ እንዲህ የተጫወተው?» አልኩ።

ነገሩ ለኔ ግልጽ ነበር። ማርካው ተላቆ፣ የሆነች ሰነፍ ሴት ቀድሞ እጇ በገባው ክር ወጋ ወጋ አድርጋዋለች። ልብሱ እውነተኛ፣ ጥገናው ውሸታም።

«ይሄ» አልኩ።

«ካፖርቱስ?»

«ይሄ አልኩሽ እኮ።»

አክስቴ ራሷን ነቅንቃ ካፖርቱን ማንጠልጠያ ላይ አወጣችው። ምሳ ሳንበላ ተሸጠ።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው። እናቴ መስኮቱ ስር ተቀምጣ ዚፕ ትፈታ ነበር።

«እማ፣ ዛሬ ንግሥት ይዤልሽ መጥቻለሁ።»

«ንግሥት ከሆነች ጫማዋን አውልቃ ትግባ። አሁን ነው የወለወልኩት።»

ጃኬቱን ጭኗ ላይ ዘረጋሁላት። ከትከሻው ጀምራ እስከ ታች ዳበሰችው። «ውይ» አለች ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደተሰጣት። ቀዩ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። አለፈችው፣ ደግሞ ተመለሰች።

«ይሄንስ ምን ላድርገው?»

«ፈትተሽ ነጩን ጨርቅ በጥቁር ክር፣ ከውጭ በማይታይ ስፌት ያዢልኝ። ሲያዩት አያስጠላም?»

«ማየቱን ተይው። ይሄ ግን የሰነፍ እጅ አይደለም።»

«እማ ደግሞ!»

«ስሚኝ እንጂ። አምስቱም ርዝመታቸው ይለያያል፣ የክሩ ጥብቀት ግን አንድ ነው። አንዱም ጨርቁን አላኮማተረውም። እንዲህ መስፋት የሚችል ሰው ቀጥ አድርጎ መስፋት ያቅተዋል? ሆን ብሎ ነው። ለምን እንደሆነ እንጃለት፣ ግን ሆን ብሎ ነው።»

«አንቺ የምታውቂው ዚፕና ቁልፍ ነው» አልኳት። «ይሄ ሌላ ዓለም ነው። ኦሪጅናል አይንጋደድም።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እሺ፣ ዕቃው ያንቺ ነው» ብላ ምላጯን አነሳች።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ እሱን ሠራች። ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትዞር ወንበሯን እየገፋች አብራ ዞረች። ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት አንዴ ሞከረች፣ ሁለቴ ሞከረች። በሦስተኛው መርፌውንም ክሩንም ወደ እኔ ዘረጋች። እናቴ ክር አስገቡልኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም። አስገባሁላት። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ፣ ጨርቁን ሳታይ ሰፋች። ቀዩ ክር የነበረባቸውን ቀዳዳዎች በእርጥብ ጨርቅና በካውያ እንፋሎት ዘጋቻቸው። ስትጨርስ ጀርባው ላይ ምንም አልነበረም። ጥቁር ብቻ። በጥፍሬ ብፈልገው ስፌቷን አጣሁት።

ቀዩን ክር አሮጌ ቁልፍ ላይ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። እናቴ ክር አትጥልም።

«እንዲህ ያለ ቀጭን ሥራ ከዚህ በኋላ አላገኝም» አለች ጣቶቿን እያፍታታች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ባገኝም» አለችና ተወችው።

ጃኬቱን በንጹሕ አንሶላ ጠቅልዬ መስታወቱ ቤት ሄድኩ። ጫማዬን አጥቤያለሁ፣ ፀጉሬን ተሠርቻለሁ፣ አፌን እንኳ ለመሰብሰብ ሞክሬያለሁ። ባለ መስታወቷ አንሶላውን ስትገልጥ ፊቷ በራ። እጅጌውን ነካች፣ ገበሩን ነካች፣ ስሙን አነበበች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። በቃ፣ አለቀ፣ ገባሁ ብዬ ነበር፤ እንዲያውም የት ጋ እንደምቆም በዓይኔ እመርጥ ጀመር።

ከዚያ ጃኬቱን ገለበጠችው።

«የታሉ?» አለች።

«ምኖቹ፣ እትዬ?»

«ቀዮቹ።»

እጄን ሰድጄ ጀርባውን አበስኩላት።

«ቆሻሻ ነገር ነበር» አልኩ፣ «አስወገድነው። አሁን እኮ እንደ አዲስ ነው።»

ባለ መስታወቷ ጃኬቱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው፣ አስከሬን እንደሚያስተኙ።

«ልጄ፣ ይሄን ጃኬት የሠራው ቤት ልብሱን የሚፈርመው ጀርባው ላይ ነው። አምስት ቀይ ስፌት፣ በእጅ፣ እየተንጋደደ። ሰው የሚገዛው ጃኬቱን አይደለም፣ እነዚያን አምስቷን ነው። አልፎ ሲሄድ ከኋላው ያለው እንዲያይለት።»

«እናቴ ናት የፈታችው» አልኩ። አፌ ያን ቀን ከተናገረው ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። «ግን ኦሪጅናል ነው። ይንኩት!»

«ነካሁት እኮ። እኔም አንቺም እናውቃለን። ደንበኛዬ ግን አታውቅም። ምን ላድርግ? እናትሽን ከጎኑ ሰቅዬ ላስመስክር?»

መስታወቶቹ ውስጥ አስር ሆኜ ቆሜ ነበር። አስራችንም ጃኬቱን ወደ ራሳችን ሳብን።

«እመልሳቸዋለሁ» አልኩ። «ቀዩ ክር አለ። እናቴ አልጣለችውም።»

«ያኔማ» አለች አንሶላውን እያጣጠፈች፣ «ፎርጅድ ይሆናል።»

ግን ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር፤ እኔ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነኝ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሳጥኗን ከፍቼ ቀዩ ክር የተጠቀለለበትን ቁልፍ ወሰድኩ። መደቡ ጓሮ፣ መወልወያው ክምር ላይ ተቀምጬ ሰፋሁ። መንጋደድም ለካ ሙያ ነው። የመጀመሪያው ቀጥ አለብኝ። ሁለተኛውን ላጣምመው ብል እንደ ትል ተኮማተረ፣ ጨርቁንም ይዞት ሄደ። ፈታሁ፣ ሰፋሁ፣ ፈታሁ። አራተኛው ላይ ክሩ ጸጉር አወጣ። የእናቴ እንፋሎት የድሮዎቹን ቀዳዳዎች እንዲህ አድርጎ ባይዘጋቸው ኖሮ በእነሱ እሄድ ነበር። ዱካ የሚባል አልተወችልኝም፤ ሙያዋ አይወጣላት።

አክስቴ እየሳለች መጣችና ከኋላዬ ቆመች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ኦሪጅናል እየሠራሁ።»

ስቃ አታውቅም እንዲያ። ሳቋ ሳል ሆነባት፣ ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው።

መስታወቱ ቤት በር ላይ አዲስ ልጅ አገኘሁ። የባሏ እህት ልጅ። ጥፍሯ ጽድት ያለ ነው። አንሶላዬን አይታ በሩን በእግሯ ያዘችው።

«እትዬ የሉም» አለችኝ።

ከትከሻዋ በላይ፣ መስታወቶቹ ውስጥ፣ አስር እትዬዎች ሻይ ይጠጡ ነበር።

«ሲመጡ ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበያቸው» አልኩ።

ጃኬቱን ተመልሼ ሁለተኛው ክምር ላይ ወረወርኩት። ከሰዓት በኋላ አንድ የመጋዘን ዘበኛ አነሳው። ለበሰው፣ እጁን ዘረጋ፣ እጥፍ ብሎ ተነሳ።

«ጥሩ ነው። ጠባብ ቢጤ ነው እንጂ ያሞቃል» አለ። ከዚያ አውልቆ ጀርባውን አየ። «ይሄ ቀይ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቆሻሻ ነው» አለች አክስቴ።

ዘበኛው ጎንበስ አለና አምስቱንም በጥርሱ እየነቀለ ተፋቸው። አንዱ ጫማዬ ላይ አረፈ። እስከ ማምሻ እዚያው ነበር።

ብርዱ የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ቤት ስገባ እናቴ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ደርባ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች።

«በረደሽ?»

«ደህና ነኝ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ፊርማው፣ ስለ አስሩ እትዬዎች፣ ስለ ዘበኛው ጥርስ። «እናቴ ናት የፈታችው» ማለቴን ብቻ ዘለልኩት። ስትሰማኝ እጇ አላቆመም። ስጨርስ የሚቀጥለውን ቁልፍ አነሳች። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፤ ዝም ሲሉኝ ሰው መክሰስ እጀምራለሁ።

«አንቺም እኮ አለሽበት» አልኳት። «የስፌት ሰው ነሽ። ሆን ተብሎ መሰፋቱን እያወቅሽ ምን ብለሽ ፈታሽው? ለምን ጠንከር ብለሽ አልተናገርሽኝም?»

ክሯ አለቀባት። አዲስ ክር መዘዘች፣ ከመርፌው ጋር ወደ ቀኟ ዘረጋችው። እኔ የተቀመጥኩት በግራዋ ነበር። ቀስ ብዬ ዞሬ ከእጇ ወሰድኩት፣ አስገብቼ መለስኩላት።

«ግድ የለም፣ እማ» አልኩ። ድምፄን ከፍ አደረግኩት። «በሚቀጥለው ወር ሌላ አገኛለሁ። አታውቂኝም? እኔ ዓይኔ ጣቴ ላይ ነው።»

እናቴ ቁልፉን ወግታ፣ ክሩን ስባ አጠበቀች።

«ዓይንሽስ ጣትሽ ላይ ይሁን» አለች። «ጆሮሽን የት ጥለሽው ነው?»